ፖሊስ፣ ጎዳናና የልጆች ጨዋታ፦ የወጣት ጥፋተኝነትን በጨዋታ የመከላከል ሐሳብ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)





የዛሬው ርእስ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፖሊስ የኳስ ቡድን ያቋቁማል፤ የቦክስ ጓንት ያቀርባል፤ መንገድ ላይ የሚውሉ ልጆችን ይሰበስባል፤ ልጆቹም ከጥፋት ይርቃሉ። ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው እምብዛም አይገኝም። ከንቲባው ይወደዋል፤ ነጋዴው ገንዘብ ያዋጣለታል፤ ወላጅ ይመርቀዋል። ይሁን እንጂ ማንም የማይቃወመው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ማንም ያልመረመረው ሐሳብ ስለሚሆን፣ ለታሪክ ተማሪ በተለይ ሊያጠራጥረው ይገባል።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። ፖሊስ በልጆች ጨዋታ ውስጥ የገባው እንዴትና ለምን ነው? ይህ ሥራ የታሰበለትን ውጤት አስገኝቷልን? ውጤቱ ከታወቀ በኋላስ ሥራውን ማን ሊመራው ይገባል? ለመልሱ ዋና ማሳያ የማደርገው የኒው ዮርክ ከተማን ታሪክ ነው፤ ከእርሱም ጋር ኖሪችን፣ ሲድኒንና ሉዊቪልን አነጻጽራለሁ። በመጨረሻም ወደ አገራችን ጉዳይ ጥቂት ጎራ እላለሁ።

፩. ጨዋታ ጥፋት በነበረበት ከተማ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የኒው ዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ ከዓለም እጅግ ከተጨናነቁ ሰፈሮች አንዱ ነበር። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዳውያን፣ ከደቡብ ኢጣሊያ የመጡ ገበሬዎችና ሌሎችም ስደተኞች ብርሃንና አየር በማይገባባቸው ፎቆች ውስጥ ተደራርበው ይኖሩ ነበር። ልጅ በቤት ውስጥ የሚጫወትበት ስፍራ አልነበረውም። ግቢ የሚባል ነገር የለም። የቀረው መንገዱ ብቻ ነበር።

መንገዱ ግን በሕግ የልጆች አልነበረም። በጎዳና ላይ ኳስ መጫወት በከተማው ደንብ የተከለከለ ነበር። እሳት አንድዶ መሰብሰብ፣ በሳንቲም ቁማር መጫወት፣ ያለ ፈቃድ መቸርቸር፣ መንገድ ላይ ተኮልኩሎ መቆም፣ እነዚህ ሁሉ ልጅን ሊያስይዙ ይችሉ ነበር። ራስል ሴጅ ፋውንዴሽን በማንሃተን ምዕራባዊ ክፍል ስለሚኖሩ ልጆች አስጠንቶ በ1914 ያሳተመው ሥራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ወደ ሕፃናት ፍርድ ቤት ይቀርቡ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ የተከሰሱት አዋቂ ቢፈጽመው ወንጀል በማይባል፣ ወይም ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ልጅ ቢፈጽመው ማንም ልብ በማይለው ድርጊት ነበር።

እዚህ ላይ ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። በ1899 በቺካጎ የመጀመሪያው የሕፃናት ፍርድ ቤት ተቋቁሟል። ኒው ዮርክም በ1902 በማንሃተን የራሱን የሕፃናት ችሎት ከፍቷል። ልጅን ከአዋቂ ወንጀለኛ ለይቶ ማየት ታላቅ የሰብአዊነት እርምጃ እንደነበር አያጠራጥርም። ነገር ግን አዲሱ ችሎት ሲከፈት ወደ እርሱ የሚቀርበው የልጅ ቁጥርም ጨመረ፤ በሩ ሰፊ ነበርና። ቀድሞ ፖሊስ በተግሣጽ ወይም በዱላ ጫፍ ይፈታው የነበረው ነገር አሁን መዝገብ ተከፈተለት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው። ፖሊስ ወደ ልጆች ጨዋታ የገባው መጀመሪያ እንደ አሠልጣኝ ሳይሆን እንደ ከልካይ ነበር። «የወጣት ጥፋተኝነት» ተብሎ በሪፖርት ይቆጠር ከነበረው ነገር ከፊሉ ራሱ ጨዋታው ነበር። ይህን ካልያዝን ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በተሳሳተ ዓይን እናየዋለን።

፪. የ1914ቱ ሙከራ

በ1914 አርተር ዉድስ የኒው ዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ዉድስ ከዚያ በፊት በመምህርነትና በጋዜጠኝነት የሠራ ሰው ነበር። ወንጀልን ከተፈጸመ በኋላ ከማሳደድ ይልቅ አስቀድሞ መከላከል የፖሊስ ዋና ሥራ ሊሆን ይገባል ብሎ ያምን ነበር፤ ይህንኑ አስተሳሰብ በኋላ በ1918 ወንጀልን ስለ መከላከል ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል።

በእርሱ ዘመን ሁለት ነገሮች ተጀመሩ። ሁለቱም በልጆች ላይ ያተኮሩ ቢሆኑም መንፈሳቸው እጅግ የተለያየ ነው።

አንደኛው የጨዋታ ጎዳና ነው። በተመረጡ መንገዶች ላይ ለተወሰኑ ሰዓታት ተሽከርካሪ እንዳያልፍ ተከለከለ፤ መንገዱም ለልጆች ተለቀቀ። ምክንያቱ ጥፋት ብቻ አልነበረም። አውቶሞቢል በከተማው እየበዛ ሲሄድ በጎዳና ላይ የሚገደሉ ልጆች ቁጥር አስደንጋጭ ሆኖ ነበር። ፖሊስ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ሲመረመር ክልከላውን ከልጁ ላይ አንሥቶ ወደ መኪናው ማዞር ነበር። ትናንት ኳስ ሲጫወት የሚያዘው ልጅ ዛሬ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፖሊስ ፊት በነጻነት ይጫወታል። ልጁ አልተለወጠም። የተለወጠው ደንቡ ነው።

ሁለተኛው የታዳጊ ፖሊስ አደረጃጀት ነው። በዚያው ሰፈር የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ የነበረው ካፒቴን ጆን ስዊኒ ወንዶች ልጆችን በማዕረግ አደራጀ፤ የደንብ ልብስ አለበሳቸው፤ ሰልፍ አስተማራቸው። ልጆቹ የመንገድ ጽዳት እንዲጠበቅ ይረዱ ነበር፤ የእሳት ማምለጫ መሰላል በዕቃ እንዳይዘጋ ይከታተሉ ነበር፤ በሰፈራቸው የሚጣሱ ደንቦችንም ለጣቢያው ያመለክቱ ነበር። በዘመኑ ጋዜጦች ዘንድ ብዙ ምስጋና ያገኘው ይህ ሁለተኛው ነው፤ በደንብ ልብስ የተሰለፈ ልጅ ለፎቶግራፍ ይመቻልና።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነታቸው ይጎላል። የጨዋታ ጎዳና ለልጁ ስፍራ ይሰጠዋል እንጂ ከልጁ ምንም አይጠይቅም። ታዳጊ ፖሊስ ግን ለልጁ ክብር እየሰጠ ዓይንና ጆሮ እንዲሆን ይጠይቀዋል። እንግሊዝኛ በቅጡ በማይናገሩ ስደተኛ ወላጆች ቤት፣ ልጁ የመንግሥት ወኪል ሆኖ ሲገባ በአባትና በልጅ መካከል የሚፈጠረውን መገመት አያዳግትም። ከዉድስ የሥልጣን ዘመን በኋላ ታዳጊ ፖሊስ ተዳከመ። የጨዋታ ጎዳና ግን በልዩ ልዩ መልክ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

፫. ኖሪች፣ ሲድኒና የ1930ዎቹ ጥላ

በእንግሊዝ አገር የነገሩ መነሻ ጦርነት ነው። ከ1914 እስከ 1918 በነበረው ጦርነት አባቶች ዘመቱ፤ እናቶች ወደ ጥይት ፋብሪካ ሄዱ፤ መንገዱ ከአየር ጥቃት ለመከላከል ጨለመ፤ ብዙ መምህራንም ወደ ጦር ሜዳ ተጠሩ። በሕፃናት ችሎት የሚቀርቡ ክሶች ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ሴሲል ሊሰን በ1917 ስለ ሕፃናትና ጦርነት ያሳተመው መጽሐፍ የዚህ ድንጋጤ ምስክር ነው።

በዚህ ሁኔታ የኖሪች ከተማ ፖሊስ አዛዥ ጆን ሄንሪ ዴይን በ1918 የወንዶች ልጆች ክበብ አቋቋመ። ክበቡ ቤት ነበረው፤ ቦክስና ሌላም ስፖርት ነበረው፤ ፖሊሶች ከልጆቹ ጋር ይውሉበት ነበር። ከጎዳናው ይልቅ ለቤቱ ትኩረት የሰጠው ይህ አርአያ በብሪታኒያ ግዛት ሁሉ ታወቀ።

በ1937 የኒው ሳውዝ ዌልስ የፖሊስ ኮሚሽነር ዊልያም ማካይ በሲድኒ ከተማ ዉሉሙሉ በተባለው የድሆች ሰፈር የፖሊስ ወንዶች ልጆች ክበብ ከፈተ። የሮታሪ ክለብ ነጋዴዎችም ደገፉት። ይህ ክበብ በአውስትራሊያ ዛሬም በሰፊው የሚሠራው የፖሊስና የወጣቶች ክበብ መነሻ ነው።

ዘመኑን ግን ልብ እንበል። በኢጣሊያ የፋሽስቱ መንግሥት ባሊላ የተባለውን የልጆች ድርጅት ያቋቋመው በ1926 ነው። በጀርመን የሂትለር ወጣቶች የመንግሥት ብቸኛ የወጣት ድርጅት እንዲሆን በሕግ የተደነገገው በታኅሣሥ ወር 1936 ነው። እነዚያም ስፖርት ነበራቸው፤ ሰልፍ ነበራቸው፤ የበጋ ሰፈር ነበራቸው። እነዚያም ልጆችን ከጎዳና አንሥተናል ይሉ ነበር። ስለዚህ በ1930ዎቹ «መንግሥት ልጆችን በስፖርት ይሰብስብ» የሚለው ሐሳብ በራሱ ደግም ክፉም አልነበረም፤ የሚለየው የአሠራሩ ዝርዝር ነው። ልጁ ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ መውጣት ይችላልን? ያልመጣ ልጅ በዚህ ምክንያት ይጠረጠራልን? በክበቡ የሰማውን እንዲናገር ይጠየቃልን? ኖሪችና ሲድኒ ከሮምና ከበርሊን የሚለዩት በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው እንጂ በኳሱ አይደለም።

፬. ስፖርት ወይስ ማኅበራዊ ሥራ?

ወደ ኒው ዮርክ እንመለስ። በ1930 የከተማው ፖሊስ የወንጀል መከላከል ቢሮ አቋቋመ። ከ1931 ጀምሮ ቢሮውን የመሩት ሄንሪዬታ አዲቶን የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነበሩ። በፖሊስ ውስጥ አንዲት ሴት፣ ያውም ከፖሊስነት ሙያ ውጪ የመጡ፣ በዚህ ማዕረግ መቀመጣቸው በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም።

የአዲቶን አካሄድ ልጁን በቤተሰቡና በኑሮው ውስጥ መመልከት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ያልሄደው ለምንድን ነው? አባቱ ሥራ አለውን? ሕመም አለን? የቢሮው ባልደረቦች ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ ነበር፤ ወደ ሐኪምና ወደ ረድኤት ድርጅት ያገናኙ ነበር። ይህ ዝምተኛና አዝጋሚ ሥራ ነው። ፎቶግራፍ አይነሣበትም።

ከዚሁ ቢሮ ውስጥ በ1932 ሌላ ቅርንጫፍ በቀለ። የድርጅቱ ትውፊት እንደሚለው ሌተናንት ኤድ ፍሊን የተባለ የቢሮው መኮንን በመንገድ ላይ ያስቸገሩ ልጆችን ሲያነጋግር የሚውሉበት ቦታና የሚሠሩት ነገር እንደሌላቸው ነገሩት፤ እርሱም የቤዝቦል ቡድን አደራጀላቸው። የውድድር ማኅበሩ በመጀመሪያ የማታ አትሌቲክስ ሊግ ተባለ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም የፖሊስ አትሌቲክስ ሊግ የሚለውን ስም ያዘ። ይህ ስም በኋላ በመላው አሜሪካ ተሠራጨ።

ከንቲባ ላጓርዲያ ሥልጣን በያዙበት በ1934 ቢሮው የታዳጊዎች እርዳታ ቢሮ ተባለ፤ አመራሩም ተለወጠ። ሁለቱ ቅርንጫፎች፣ ማለትም ማኅበራዊ ሥራውና ስፖርቱ፣ ከዚያ በኋላ እኩል አላደጉም። ስፖርቱ ለጋሽ አገኘ፤ ስም አገኘ፤ ሕዝብ ወደደው። ማኅበራዊ ሥራው «ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለም» የሚለውን ትችት ዘወትር መመለስ ነበረበት።

እዚህ ላይ የምናየው አንድ የታሪክ ሥርዓት አለ። ተቋም የሚታየውን ሥራ ያሳድጋል፤ የማይታየውን ያቀጭጫል። ስለዚህ «መከላከል» የሚለው ሰፊ ቃል ቀስ በቀስ «ስፖርት» ወደሚለው ጠባብ ቃል ወረደ። ሴቶች ልጆች ከዚህ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የተገለሉትም በዚሁ መንገድ ነው። የወንዱ ችግር የጉልበት መትረፍ ተደርጎ ሲታይ የሴቷ ችግር የጨዋነት ጉዳይ ተደርጎ ታየ፤ ለወንዱ ኳስ ሲሰጠው ለእርሷ ተቆጣጣሪ ተመደበላት።

፭. የተሰረቀው ብስክሌት

ስለዚህ ርእስ ሲወራ ሳይጠቀስ የማያልፍ አንድ ታሪክ አለ። በ1954 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብስክሌቱ ተሰረቀበት። ልጁ እያለቀሰና እየተቆጣ ፖሊስ ሲፈልግ፣ በሕንፃው ምድር ቤት በቦክስ ማሠልጠኛ ውስጥ ፖሊስ እንዳለ ተነገረው። ፖሊሱ ጆ ማርቲን ይባላል። ልጁ ሌባውን ካገኘሁት እደበድበዋለሁ ሲል ማርቲን መጀመሪያ ቦክስ መማር እንደሚሻል ነገረው። የልጁ ስም ካሲየስ ክሌይ ነው፤ በኋላ መሐመድ ዓሊ። በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ፤ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት በዚያው ኦሎምፒክ።

ይህ ታሪክ የፖሊስ የወጣቶች ፕሮግራም ወንጀልን ስለመቀነሱ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። ልጁ ሥራ ያላቸው ወላጆች ያሉት፣ ቤተሰቡ የሚከታተለው ልጅ ነበር፤ ማርቲንን ባያገኘው ወንጀለኛ ይሆን ነበር የምንልበት ምንም ምክንያት የለንም። በተጨማሪም አንድ የዓለም ሻምፒዮን ስለ ሺህ ልጆች አይመሰክርም።

ነገር ግን ታሪኩ ሌላ ነገር ያስተምራል፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ልጁ ወደ ፖሊሱ የሄደው በጥፋት ተጠርጥሮ አልነበረም። ተበድሎ ሊያመለክት ነው የሄደው። ፖሊሱም በዚያ ሰዓት የነበረው ልጆች በሚገኙበት ቦታ ነበር። ዘረኛ ልዩነት በሕግ በጸናበት ደቡባዊ ከተማ፣ ነጭ ፖሊስ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ክፍል ያሠለጥን ነበር። እንዲህ ያለ ግንኙነት ዋጋው ምን ያህል ወንጀል ቀነሰ ተብሎ ብቻ አይለካም። የተበደለ ልጅ በደሉን የሚነግረው የመንግሥት ሰው አለውን? ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

፮. ማስረጃው ምን ይላል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ጨዋታ ጥፋትን ይከላከላልን?

የቺካጎው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፍሬደሪክ ትራሸር በ1927 ባሳተመው ታዋቂ ሥራ በከተማዋ 1,313 የወጣት ቡድኖችን መዝግቧል። ከዋና ግኝቶቹ አንዱ ቡድኑ መነሻው ጨዋታ መሆኑ ነው። አብረው የሚጫወቱ ልጆች ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ሲጋጩ፣ አዋቂ ሲያባርራቸው፣ ፖሊስ ሲያሳድዳቸው ቡድንነታቸው እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚህ በመነሣት የተሻለ ጨዋታ ብንሰጣቸውስ ማለት ተገቢ ይመስላል።

ትራሸር ራሱ ይህን ጥያቄ ተከትሎ በኒው ዮርክ አንድ ትልቅ የወንዶች ልጆች ክበብ አጠና፤ ውጤቱንም በ1936 አሳተመ። ክበቡ ለአባላቱ ብዙ መልካም ነገር ይሰጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጥፋተኝነትን በመቀነስ ረገድ የታሰበውን አላስገኘም። ትራሸር ጥፋቱን በክበቡ ላይ አልጣለም። ክበቡ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ልጁን ያገኘዋል፤ ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ድህነቱ ቀሪውን ሰዓት ሁሉ ይዘውታል።

ከዚህም የበለጠ አሳሳቢው በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች የተደረገው ጥናት ነው። ይህ የፖሊስ ፕሮግራም አልነበረም፤ ነገር ግን ማናችንም በመከላከል ሥራ የተሰማራን ልናልፈው የማይገባ ነው። በ1939 ተጀምሮ በ1945 በተጠናቀቀው በዚህ ሥራ 506 ወንዶች ልጆች በተቻለ መጠን የሚመሳሰሉ ጥንዶች ሆነው ተከፈሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በዕጣ አማካሪ ተመደበለት፤ በቤቱ ተጎበኘ፤ በትምህርቱ ተረዳ፤ ወደ መዝናኛና ወደ በጋ ሰፈር ተላከ። ሌላው ምንም አልተደረገለትም።

ጆአን ማኮርድ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያን ሰዎች ፈልጋ አገኘች፤ ውጤቱንም በ1978 አሳተመች። ከተረዱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፕሮግራሙ እንደጠቀማቸው በምስጋና ተናገሩ። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ይላል። የተረዱት ካልተረዱት የተሻሉ አልነበሩም፤ በበርካታ መለኪያዎች እንዲያውም የባሱ ነበሩ። በኋላ በ1999 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ባሳተመችው ትንተና ጉዳቱ በተለይ ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ በጋ ሰፈር በተላኩት ላይ እንደጎላ አሳይታለች። የሚያስቸግሩ ልጆች በአንድ ላይ ረጅም ጊዜ ሲቆዩ ከአዋቂው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ የሚለው ማብራሪያ ከዚህ የመነጨ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁለት ነገር እንዲይዙ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የተጠቃሚ ምስጋና የውጤት ማስረጃ አይደለም። ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄን ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ወደ ክበብ የሚመጡ ልጆች ከማይመጡት ይለያሉ። ትጉህ ልጅ ከሆነ የሚመጣው ክበቡ ያላደረገውን አደረግሁ ሊል ይችላል፤ አስቸጋሪ ልጅ ከሆነ የሚመጣው ደግሞ ክበቡ ከሚገባው በታች ይመሰገናል። ማነጻጸሪያ በሌለበት አኃዝ በየትኛውም ወገን መከራከር ስንፍና ነው።

ይህ ማለት ጨዋታ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ጨዋታ ለልጅ ይገባዋል፤ የሚገባውም ልጅ ስለሆነ ነው። ጥያቄው ጨዋታውን «ወንጀል መከላከያ» ብለን ስንሰይመው ምን እናተርፋለን፣ ምንስ እናጣለን የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 ያጸደቀው የሪያድ መመሪያ ወጣትን ጥፋተኛ ወይም ሊጠፋ የተቃረበ ብሎ መሰየም ራሱ ያልተፈለገውን ጠባይ ሊያጸና እንደሚችል ያስገነዝባል። አንድ ልጅ ወደ ኳስ ሜዳ ሲሄድ «አንተ ሌባ እንዳትሆን ነው የመጣኸው» ከተባለ ከኳሱ በፊት የተቀበለው ስም ነው።

፯. ማን ይምራው?

በ1967 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ የወንጀል ጥናት ኮሚሽን ሪፖርቱን ሲያወጣ የወጣቶች አገልግሎት ቢሮዎች ከፍትሕ ሥርዓቱ ውጪ በየአካባቢው እንዲቋቋሙ አሳስቦ ነበር። ሐሳቡ ልጁ እርዳታ ለማግኘት በፖሊስና በፍርድ ቤት በር ማለፍ የለበትም የሚል ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በቀላሉ «ፖሊስ ይውጣ» ወደሚል መደምደሚያ አያደርሰንም። በባልቲሞር ከተማ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖሊስ በድሃ ሰፈሮች የወጣቶች ማዕከላትን ከፍቶ ነበር። በ2009 ማዕከላቱን ለከተማው የመዝናኛና የመናፈሻ መሥሪያ ቤት አስረከበ። በመርህ ደረጃ ይህ ትክክል ይመስላል፤ የልጆች ጨዋታ የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ሥራ ነውና። ግን ሥራው ሲተላለፍ በጀቱና የሰው ኃይሉ እኩል ካልተላለፈ፣ በሩ የሚዘጋው በልጁ ላይ ነው።

ስለዚህ ፖሊስ በዚህ ሥራ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው፤ ገንዘቡ እርሱ ዘንድ መሆኑ። ለደኅንነት ተብሎ የተጠየቀ በጀት ይገኛል፤ ለጨዋታ ተብሎ የተጠየቀ በጀት ቅንጦት ይባላል። በ1986 በሜሪላንድ ግዛት የተጀመረው የእኩለ ሌሊት ቅርጫት ኳስ ይህን ያሳያል። ወጣቶች በሌሊት በተከፈተ ሜዳ ሲጫወቱ ሁለት ፖሊሶች እንዲገኙ ይደረግ ነበር። ሐሳቡ ለጥቂት ዓመታት ከሁሉም ወገን ድጋፍ አገኘ፤ በ1994 ግን በታላቁ የወንጀል ሕግ ክርክር ውስጥ የገንዘብ ብክነት ምሳሌ ተደርጎ ተዘበተበት። በወንጀል ስም የተጠየቀ ጨዋታ የወንጀል ፖለቲካ በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይወድቃል።

፰. ወደ አገራችን ጉዳይ

በኢትዮጵያ የደንብ ልብስ የለበሱ ተቋማትና ስፖርት የቆየ ዝምድና አላቸው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የጦሩ መቻልና የፖሊስ ኦሜድላ ትውልድ ያሳደጉ ክለቦች ናቸው። ነገር ግን ይህ ከላይ ካየነው ጋር መምታታት የለበትም። የውድድር ክለብ ፈጣኑን ይመርጣል፤ ዘገምተኛውን ይሸኛል። ሥራው ያ ነውና አይወቀስም። ለሰፈር ልጆች የሚከፈት ቤት ግን የተሸነፈውንና የደከመውን ልጅ ይዞ የሚቆይ መሆን አለበት። ሻምፒዮን በማፍራት የሚኮራ ፕሮግራም በጣም የሚያስፈልገውን ልጅ በመጀመሪያው ወር ሊያጣው ይችላል።

በሕግ ረገድ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ወጣት ጥፋተኞች በልዩ ድንጋጌ አስቀምጧል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህን ጠብቋል። በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ከሲቪል ድርጅት ጋር በመተባበር የተጀመሩት የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችም ልጅን በጣቢያ ውስጥ እንደ ልጅ የማየት ጥረት ናቸው። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ አለ። «ቦዘኔ» የሚለው ቃል ሥራ የሌለውን ወጣት ኑሮ ወደ ወንጀል አጥር ያስጠጋዋል። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ አንደኛው ሕግ ልጁን ይለያል፤ ሌላው ታላቅ ወንድሙን ይሰይማል። ፖሊሱ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነው ኳስ እንዲያከፋፍል የምንጠይቀው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ መንገድ ከመኪና ነጻ የሚሆንባቸው ዕለታት ተጀምረዋል። በእነዚያ ጠዋቶች አስፋልቱ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆችን ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ የትራፊክ ፖሊሱም ከገመዱ አጠገብ ይቆማል። የ1914ቱ ኒው ዮርክ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በኮንዶሚኒየም መካከል የነበረ ባዶ ቦታ ወደ መኪና ማቆሚያ ወይም ወደ ግንባታ ሲለወጥ ልጁ የት ይጫወት የሚለው ጥያቄ የከተማ ፕላን ጥያቄ ይመስላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በፖሊስ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ማጠቃለያ

ክቡራንና ክቡራት፤ ካየነው ታሪክ ለፖሊስ የወጣቶች ፕሮግራም ሦስት መመዘኛዎችን ማውጣት የሚቻል ይመስለኛል።

የመጀመሪያው፣ ከስፖርቱ በፊት ደንቡ ይመርመር። ልጆች የሚያዙባቸው ድርጊቶች ዝርዝር ይውጣና ከመካከላቸው ጨዋታ ብቻ የሆኑት ይለዩ። የ1914ቱ የጨዋታ ጎዳና በአንድ ቀን ያስወገደውን «ጥፋት» ማንኛውም ክበብ በዓመታት ውስጥ ሊያስወግድ አይችልም።

ሁለተኛው፣ በክበቡና በምርመራ ክፍሉ መካከል ግድግዳ ይኑር። ልጅ በኳስ ሜዳ የተናገረው ነገር መረጃ ሆኖ የሚመዘገብ ከሆነ፣ ያ ቤት የልጅ ቤት መሆኑ ያበቃል። ልጁም በሩ ለመግባት ክፍት እንደሆነ ሁሉ ለመውጣትም ክፍት መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው፣ ውጤቱ በሐቀኝነት ይለካ። የሚለካውም የወንጀል ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም። የተሰረቀበት፣ የተደፈረባት፣ የተመታ ልጅ ወደ ማን ይሄዳል? በሰፈሩ ያለውን ፖሊስ በስሙ ያውቀዋልን? ይህም በጥናት ሊጠየቅ የሚችል ነገር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ በጣቢያዎቻችንና በቀበሌዎቻችን መዝገብ ቤት ውስጥ የሚጠብቃችሁ ሥራ ብዙ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።